ጭስ ማውጫ ውስጥ የገባው ዳንቴል

ማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይታወቅ። ታፈሰ እባላለሁ። ከእንጦጦ ጋራ ሥር ተነሥቶ በወሰን ሰፈር በኩል ሲ.ኤም.ሲ እስኪደርስ ባለው አገር ላሜራ ቆርጦና ጠቅልሎ ጭስ ማውጫ ያቆመ ሰው ይቆጠር ቢባል ከእኔ የሚቀድም የለም። አለሁ የሚል ካለ መጥቶ ሥራውን ያሳየኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት ፊደል ለይቼ፣ መደመርና መቀነስ አውቄ እስክወጣ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያስተማረኝ እጄ ነው። የወፍጮ ቤት ዱቄት በጣሪያ እየወጣ የጎረቤትን የበርበሬ ስጥ ሲያነጣ አይቼ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ ትልቅ የቆርቆሮ ሾጣጣ ሠርቼ አቧራውን አስቀርቻለሁ። ነገሩን ያገኘሁት በበጋ ሜዳ ላይ የሚሽከረከረውን ነፋስ ስመለከት ነው። ነፋስ መዞር ያውቃል፤ ዱቄት ግን መዞር አያውቅም። አየሩ ሲታጠፍ ዱቄቱ ቀጥ ብሎ ይሄድና ግድግዳውን መትቶ ወደ ታች ይወርዳል። ከዓመታት በኋላ አንድ ኢንጂነር ይህን ነገር ፈረንጆች ከእኔ በፊት እንደሠሩት ነገረኝ። ይሥሩታ። እኔ ከእነሱ አልሰማሁም፣ እነሱም ከእኔ አልሰሙም፤ ስለዚህ እኩል ነን።

ይህን የምለው ቀጥሎ የምናገረውን ነገር ከሰው አፍ ሰምቼ ሳይሆን በእጄ ሠርቼ እንደማውቀው እንዲታወቅልኝ ነው።

ባለፈው እሑድ ሲ.ኤም.ሲ አጠገብ ባለ አንድ አዳራሽ የቀድሞ ሰፈራችን ሰዎች ተሰባስበው ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተንን ወዲህ በየዓመቱ ያደርጉታል፤ እኔ ግን ሄጄ አላውቅም። ዘንድሮ ልጄ «አባዬ፣ ቤት ውስጥ ከምትነጫነጭ እኩዮችህን ብታይ ምን አለበት» ብላ በመኪናዋ ጎተተችኝ። በወሰን ጋራዦች በኩል ስናልፍ በመስኮቱ አንድ ሽታ ገባ። ኮምጠጥ ያለ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ ምላስ ላይ የሳንቲም ጣዕም የሚጥል ሽታ ነው። ሌላው ሰው አያውቀው ይሆናል፤ እኔ አውቀዋለሁ። ብረት በአሲድ የሚታጠብበት ቤት አለ ማለት ነው። አንገቴን አውጥቼ ባይ ጭስ ማውጫውን ከጎረቤቱ ፎቅ በላይ አስረዝመውታል። ዘንድሮ መላ የሚባለው ይኼ ነው፤ ጭስህን ከራስህ ጣሪያ አሳልፈህ በሰው ጣሪያ ላይ መትፋት።

አዳራሹ ስንደርስ መድረኩን የሚመራው፣ ያኔ ያልተወለደ አንድ ጎረምሳ፣ ማይክሮፎን ይዞ ስለ ድሮው ዘመን ይነግረናል። ያኔ ፍቅር ነበር፤ ያኔ በር አይዘጋም፤ ያኔ ልጅ የጋራ ነው፤ ያኔ አየሩ ንጹሕ ነው፤ ያኔ ሰው ሰውን አያማም። ሽማግሌውም ባልቴቱም ያጨበጭባል። ወንበሬ ላይ መቁነጥነጥ ጀመርኩ። ልጄ ስኳሬ የወረደ መስሏት ከረሜላ ሰጠችኝ። ስኳር አይደለም፤ ንዴት ነው። አየሩም ንጹሕ አልነበረም፣ ሰውም ሰውን ያማ ነበር፤ ሁለቱንም አብረው ሲሠሩ ያየሁት በእኅቴ ላይ ነው።

እኅቴን እታለም ነበር የምላት። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲያልፉ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ያሳደገችኝም የሰው ልብስ እያጠበች ነው። ያን ጊዜ ወሰን እንዲህ አልነበረም። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ግራ ቀኙ የባሕር ዛፍ አጥር ነው፤ ማዕዘኑ ላይ አንድ ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤቱ ፊት ለፊት የቀበሌ ሱቅ፣ ከሱቁ በር ላይ የስኳር ወረፋ። ጎረምሳው አፍሮ አጎፍሮ፣ ከታች ሰፊ የሆነ ሱሪ ለብሶ፣ በኮንጎ ጫማ ይንሸራሸራል። እኔም ነበረኝ፤ ቴትሮን ሸሚዝ፣ ክሬም ቀለም፣ ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ። ከጠጅ ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣው ዘፈን ወንዙ ድረስ ይሰማ ነበር፤ እታለምም ድንጋይ ላይ ልብስ እያሸች ግጥሙን ሳይሆን ዜማውን ብቻ ትከተላለች። ነጠላ በስሙኒ ነው የምታጥበው፤ ጋቢ ከሆነ ትንሽ ይጨመርበታል። ሳሙና የምታወጣው ለካኪና ለአንሶላ ነው። ነጭ የአገር ልብስ ግን በእንዶድ ካልሆነ አትነካም። እንዶዱን ከእንጦጦ ሥር ራሷ ለቅማ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ ታመጣዋለች። በእንዶድ የታጠበ ነጠላ ሣር ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚያበራ ያላየ ሰው ነጭ አይቻለሁ ባይል ይሻላል።

ከወንዙ ማዶ የባልዲና የሳፋ ፋብሪካ ነበር። ብረቱን በዚንክ ከመንከራቸው በፊት ዝገቱን ለማስለቀቅ በአሲድ ገንዳ ውስጥ ያጥቡታል። የሰፈሩ ግማሽ የሚበላው ከዚያ ነው፤ ባል ከሌለ ልጅ፣ ልጅ ከሌለ አማች እዚያ ይሠራል። ድሮ የገንዳው እንፋሎት እዚያው ሠራተኛው ላይ ይቀር ነበር። በኋላ በገንዳው ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጠሙና በጭስ ማውጫ ወደ ውጭ ያስወጡት ጀመር። ለሠራተኛው ጥሩ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲዞር ግን ያ ነጭ ነገር በወንዙ ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ወንዙ ዳር ደግሞ የእታለም ልብስ ተዘርግቷል።

ልብሱ ላይ ቀዳዳ የጀመረው ያኔ ነው። የመርፌ ጫፍ ያህል፣ እዚህም እዚያም። መጀመሪያ የተበሳ ነጠላ ይዛ የመጣችው ወይዘሮ አስካለ ናት። አስካለ የሰፈሩ ዳንቴል ሠሪ ነበረች፤ በየቤቱ ሬዲዮ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ብርጭቆ ላይ የተደረበው ዳንቴል የእሷ እጅ ነው። ባሏ ሙላት በፋብሪካው የአሲዱ ገንዳ ላይ ነው የሚሠራው። በራችን ላይ ቆማ ነጠላዋን ወደ ብርሃን አንሥታ ዘረጋችው።

«ይኸውልሽ፣ ወንፊት አድርገሽ መለስሽልኝ። ዱቄት ልንፋበት?»

«በእንዶድ ነው ያጠብኩት» አለች እታለም።

«እንዶድ አይበሳም። በረኪና ነው የሚበሳው። ቶሎ እንዲነጣልሽ ብለሽ ነው።»

«በረኪና ቤቴ ገብቶ አያውቅም አስካለ። ግቢና ፈልጊ።»

«ምን እፈልጋለሁ፤ ነጠላዬ እየተናገረ።»

ይህን ያለችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው፤ ጎረቤት እንዲሰማ። ሰማም። በሳምንቱ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ። ወሩ ሳይሞላ እኅቴ «ብሏ» ተባለች፤ ልብስ የምትበላ ብል ማለታቸው ነው። ልጆች ከኋላዋ «ብሏ መጣች፣ ሸማችሁን ደብቁ» እያሉ ይሮጣሉ። በእድር ድንኳን ውስጥ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ጎኗ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ያኔ ሰው ሰውን አያማም ነበር ይለኛል እንግዲህ ይኼ ጎረምሳ።

ልብሱ ቀነሰ፣ ከዚያ ቀረ። አንድ ማለዳ እታለም ዕቃዋን በአንሶላ ስትቋጥር አገኘኋት። ሰንዳፋ የአክስታችን ልጅ ዘንድ ልትሄድ ነው፤ ጠላ ልትነግድ።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንተማ ሙያ አለህ። የሰውን ሁሉ ሳጥብ ኖሬ እኔን ከሐሜት የሚያጥበኝ አጣሁ።»

«እስከ ኪዳነ ምሕረት ጠብቂኝ» አልኳት። የካቲት ላይ ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ጥፋቱ ከአንቺ እንዳልሆነ ካላሳየሁ ራሴ እሸኝሻለሁ ብዬ ማልኩላት። ቋጠሮውን አልፈታችም። ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው።

አንድ አሮጌ ነጠላ ለሁለት ቀደድኩ። እታለም ሁለቱንም በአንድ ውኃ፣ በአንድ እንዶድ አጠበቻቸው። አንዱን ወንዙ ዳር ሰቀልኩት፤ ሌላውን እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የምትኖር ዘመዳችን አጥር ላይ። ከሰነበቱ በኋላ የላይኛው እንዳለ ነው፤ የታችኛው ተበሳስቷል። ለእድር ስብሰባ ይዣቸው ሄድኩ። ማንም ሰው፣ ሕፃን ልጅም ቢሆን፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ የሚገባው ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ ዳሰሱት። አንደኛው «ይኼማ ብል ነው» አለ። ሌላው «የእኅትህ ነገር አንገብግቦህ ነው፣ እንረዳሃለን ልጄ» አለኝ። ሙላትም ነበረ። እጁ ላይ ሲደርስ ጨርቁን ሳይዘረጋ ለቀጣዩ አሳለፈው። ያንን ያየሁት ቢሆንም ያኔ አልተረጎምኩትም።

በማግስቱ ፋብሪካው በር ላይ ቆምኩ። የፋብሪካው ኢንጂነር ገመቹ ይባላል፤ አባቱ እዚያው ፋብሪካው ባረፈበት መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዘበኛው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከማሽኑ ጋር በእንግሊዝኛ የሚነጋገር ወጣት ነበር። ሁለቱን ጨርቅ አየ። ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም።

«የእኛ ነው» አለ።

«ታዲያ ለሰዉ ይንገሩልኛ።»

«ብናገር ነገ እዚህ አታገኘኝም። ላሜራ ሠሪ ነህ አሉኝ። ልታቆመው ትችላለህ?»

«ጭስ ነው፤ እንዴት አልችልም።»

«ጭስ አይደለም» አለኝ። «ለስላሳ ስትጠጣ እየፈነዳ አፍንጫህን የሚረጭህ ነገር የለም? ብረቱ አሲድ ውስጥ ሲገባ እንደዚያው ይፈላል። እየፈነዳ በዓይን የማይታይ ጠብታ ይረጫል። ማራገቢያው ያንን ጠብታ ይዞ ይወጣል። የሰፈራችሁ ሰው ላይ የሚወርደው ካፊያ ነው፤ የአሲድ ካፊያ።»

መጀመሪያ የለመድኩትን ሾጣጣ ሠራሁ። ትልልቁን ጠብታ ያዘ፤ ትንንሹ ግን ከአየሩ ጋር አብሮ እየዞረ አለፈ። ዱቄት ያልቻለውን ጠብታው ቻለ። ላሜራውንም አሲዱ እንደ ብስኩት ቀረጣጠፈው። ሥራዬ መጥፎ ስለነበር አይደለም፤ ብረት አሲድ ፊት ብረት ስላልሆነ ነው። ገመቹ «ፕላስቲክ ፈልግ» አለኝ፤ ይህን ያለው እሱ ነው፣ የሰው ሐሳብ አልቀማም። የቀረውን ያሰብኩት ግን እኔ ነኝ።

ያሰብኩትም እንዲህ ነው። በክረምት እንጦጦን ጉም ሲለብሰው ዝናብ ሳይዘንብ ከባሕር ዛፉ ሥር ያንጠባጥባል። ሜዳው ላይ ብትቆም ደረቅ ነህ፤ ዛፍ ሥር ብትገባ ትበሰብሳለህ። ጉሙ በቅጠሉ መካከል ሲያልፍ ጠብታው ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል፣ ከሌላው ጠብታ ጋር ይጋጠማል፣ ሲከብደው ይወርዳል። እንጨት ለቃሚው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጭስ ማውጫው ውስጥ ቅጠል ያስፈልገኛል፤ አየር የሚያሳልፍ፣ አሲድ የማይበላው ቅጠል። የማዳበሪያ ከረጢት ክሩ ፕላስቲክ ነው። ክሩን ተርትሬ እንደ ዳንቴል ቢሠራልኝ፣ ደራርቤ በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ብዘረጋው ጉዳዩ አለቀ።

ዳንቴል ከተባለ አስካለ ናት። እኅቴን ባትወዳትም እጇን አልክድም። ክሩን ጠቅልዬ ወሰድኩላት።

«ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለፋብሪካው ነው። የገንዳውን እንፋሎት ማጣሪያ።»

ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ሳቀች። «ማዳበሪያ በዳንቴል። አንተ ልጅ፣ ነገ ደግሞ ለአህያ ሹራብ ሥሪ ትለኛለህ።»

«እርስዎ ካልቻሉ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፣ እትዬ።»

እልህ ይዟት ነው የተቀበለችኝ፤ ካልቻሉ መባልን አትወድም። የሠራችው ነገር እንዴት ያለ እንደነበር ልናገር አልችልም። ክብ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ክር ከክር የማይለይበት፣ መሐሉ ላይ ባለ ስምንት ቅጠል አበባ። ደራርቤ በርሜሉ ውስጥ ገጠምኩት። ፋብሪካው በማይሠራበት ዕለት ጭስ ማውጫው ላይ ሰቀልነው፤ ሰኞ ማራገቢያው ተነሣ።

ማራገቢያው እንደ ታመመ በሬ አቃሰተ። አየሩ የሚያልፍበት አጣና ወደ ኋላ ተመልሶ ከገንዳው ዙሪያ ፈሰሰ። ሠራተኛው እያሳለ፣ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ወደ ደጅ ወጣ፤ ሙላት አጥሩ ሥር ተደፍቶ ጉሮሮውን ይዞ ነበር። ያለፈውም አየር ቢሆን አላረፈም፤ ዳንቴሉ ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይዞ፣ ሲሞላ በጭስ ማውጫው ጫፍ ጉንጭ ጉንጭ እያደረገ ተፋው። ገመቹ አስቆመው።

«በጣም ጠብቋል» አለኝ። «አየር ማለፍ አለበት፤ ውኃውም ተመልሶ የሚወርድበት መንገድ ይፈልጋል። አላልተህ አምጣ። ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ግን አልፈቅድልህም፣ ሰው ትገድልብኛለህ።»

የካቲት ገብቷል። ወደ አስካለ ተመልሼ «እትዬ፣ ያው ይሁን፣ ግን ሳሳ፣ ላላ ይበል፤ ጣት የሚያሳልፍ» አልኳት።

«የላላ?»

«የላላ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ጭስ ማውጫ ውስጥ ማን ያየዋል?»

«እግዜር ያየዋል። የላላ ዳንቴል ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፣ አይወጣምም። ወንፊት ከፈለግህ ገበያ ሂድ።»

ለመንኳት። ባሏ ደረቱን ይዞ አልጋ ላይ እያሳለ ለመንኳት። አልለዘበችም። ዛሬ ሳስበው የምናደደው በዚህ አይደለም፤ ባለሙያ ናት፣ የላላ ሥራ አልሠራም ማለቷን እንኳ ከማንም በላይ እኔ እረዳዋለሁ። የምናደደው በሌላ ነው፣ እደርስበታለሁ።

ቤት ገብቼ ክሩን መሬት ላይ ጣልኩት። እታለም አነሣችው።

«እኔ ልሥራው» አለችኝ።

እኅቴ ዳንቴል አታውቅም ነበር። አትችልም ማለቴ አይደለም፤ ትሠራለች፣ ግን ቀኑን ሙሉ ልብስ የሚጨምቅ እጅ ክር ማጥበቅ ይሰለቸዋል። የእሷ ዳንቴል እንደ ዓሣ መረብ ነበር። አንዱን ለእድር ዕቃ መሸፈኛ ሰጥታቸው ሴቶቹ «ዝንቧን አስገብቶ ንቧን ያስቀራል» እያሉ ስንት ዓመት ስቀውባታል። አሁን ቁጭ ብላ ያንኑ መረቧን ሠራች። ጣቷ በበረኪና ሳይሆን በቀዝቃዛ ውኃ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ሻካራው ክር ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ሲይዛት አፏን ታጣምማለች እንጂ አታቆምም። ዓይኑ ሰፊ፣ ክሩ የተንጋደደ፣ አንዱ ድር ከሌላው ጋር የማይገጥም ሆኖ ወጣ። እኔም ያንን መንጋደዱን ፈለግሁት፤ አየሩ ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንዳያገኝ አንዱን በአንዱ ላይ እያዞርኩ ደረደርኩት።

ማራገቢያው ሲነሣ አላቃሰተም። ገመቹና እኔ በርሜሉ ሥር ቆመን ስናዳምጥ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ። እንደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ። ካፊያው ተይዞ ወደ መጣበት ገንዳ ይመለሳል። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ይወጣ የነበረው ነጭ ነገር ሳሳ፣ ከዚያ በዓይን የማይለይ ሆነ። ሽታው አልጠፋም፤ ሽታ በክር አይያዝም፣ ያንን አልዋሽም። ጠብታው ግን ቀረ። ሥራ አስኪያጁ አሲዱ እንደ በፊቱ ቶሎ ቶሎ አለማለቁን ሲያይ ደስ አለውና ባልዲ ሸለመኝ። ባልዲ።

ለኪዳነ ምሕረት ሁለት ሦስት ሴቶች፣ ሌላ አጣቢ ስላጡ፣ ነጠላቸውን ለእታለም ሰጥተው ነበር። አንድም ቀዳዳ አልነበረበትም። ጋራውን ስንወጣ ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ነጭ ነው፤ እኔ አንድ ሰው ዞር ብሎ «ለካ ፋብሪካው ነበር» እንዲል እየጠበቅሁ ወጣሁ፣ እየጠበቅሁ ወረድኩ። በማግስቱ አስካለ የልብስ ጥቅል ታቅፋ በራችን ላይ መጣች። ፊቷ ፈክቷል።

«አየሽ» አለቻት እኅቴን፣ «በረኪናውን ስትተዪው እንዴት እንደሚያምርልሽ?»

ሠርቼ ሠርቼ ያተረፍኩት ይኼን ነው። ካፊያውን ስላቆምኩት ቀዳዳው ቆመ፤ ቀዳዳው ስለቆመ እኅቴ በረኪና ታደርግ እንደነበር ተረጋገጠ። ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው ያለው፤ ብሏ ተገሠጸች፣ ጥፋቷን ተወች። ለመናገር ከተቀመጥኩበት ስነሣ እታለም በእጇ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝና ጥቅሉን ከአስካለ ተቀበለች።

አስካለ ከሄደች በኋላ «ለምን ከለከልሽኝ?» አልኳት።

«ተው። ልብሱ ተመለሰ፣ እኔም ሰንዳፋ አልሄድም። ምን ቀረህ?»

«ስምሽ።»

«ስም አይበላም» አለችኝና ግድግዳው ሥር የነበረውን ቋጠሮ ፈታች።

በሕይወት እስካለች ድረስ አፌን ያዝኩላት። ዘመኑ ሄደ። ሸማ በቱታ ተተካ፣ ወንዙ ቆሸሸ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን መጣ፣ ፋብሪካው ተዘጋ። የእኔን በርሜል ከነዳንቴሉ ቆራሌው በጋሪ ጭኖት ሲሄድ አይቼዋለሁ። ሰፈሩም ፈረሰ። እታለም አርጅታ በእጄ አረፈች። በቀብሯ ዕለት ከኋላዬ አንዲት ሴት ለሌላዋ «ማን ናት?» ስትላት ሌላዋ «ብሏ ናት፤ ልብስ ታጥብ የነበረችው» ብላ ስትመልስ ሰማሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ዞሬ ባይ ኖሮ ጠብ እንጂ ቀብር አይሆንም ነበር።

ስለዚህ እሑድ ዕለት ጎረምሳው «ሐሳብ ያለው» ሲል ተነሣሁ። ልጄ የኮቴን ጫፍ ያዘችኝ፤ አስለቀቅኋት።

«አባባ፣ አጠር ያድርጉልን፣ ምሳ ደርሷል» አለኝ ማይክሮፎኑን ሲሰጠኝ።

አላጠርኩም። ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ካፊያው፣ ስለ ሁለቱ ጨርቅ፣ ስለ ዳንቴሉ ሁሉንም ተናገርኩ። አስካለ ፊተኛው ረድፍ ላይ ከዘራዋን በጉልበቷ መሐል አቁማ ተቀምጣለች። ሙላት ከሞተ ቆይቷል። ስጨርስ እሷ ናት የተናገረችው።

«ታፈሰ፣ ተቀመጥ እስቲ። ይኼን ሁሉ ዛሬ ምን አመጣው? እናውቅ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«አሲዱን ነዋ። የሙላት ሸሚዝ ሁሉ ቀዳዳ ነበር፤ በቤቴ የማጥበው እኔው ነኝ። እንኳን እኔ፣ ባሏ ወይም ልጇ እዚያ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ፋብሪካውን ከሰን አዘግተን ምን እንብላ? አጣቢ ብትከሰስ የማንም ቤት አይዘጋም።»

የእኅቴ ቤትስ፣ ልላት ብዬ ተውኩት። አዳራሹን አየሁት። ያን ያህል ሰው ተቀምጦ አንድም የደነገጠ ፊት የለም። አንዳንዱ መሬት ያያል፣ አንዳንዱ ብርጭቆውን ያሽከረክራል። እኔ ለዓመታት ሳያውቁ በደሏት ብዬ ነበር የተናደድኩት። አለማወቅማ ምን አለው። በሁለቱ ጨርቅ ላሳምናቸው የሞከርኳቸው ሽማግሌዎች፣ «እንረዳሃለን ልጄ» ያለኝ ሁሉ፣ ያውቅ ነበር።

ጎረምሳው ማይክሮፎኑን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «ስሟ ማን ነበር?»

ከወደ ኋላ አንዱ «ብሏ አይደል እንዴ…» ብሎ ጀመረና ጎኑ ያለው ሰው በክርን መታው።

«ያጠበችላችሁ ሴት ናት። የክርስትና ልብሳችሁን፣ የሰርግ ልብሳችሁን፣ የሐዘን ልብሳችሁን። ስሟ ማን ነበር? ምሳው ይቆያል።»

ልጄ «አባዬ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። እኔ ቆሜያለሁ። ከአስካለ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። ከዘራዋን ወዲህና ወዲያ አደረገችው።

«ትርፌ» አለች በመጨረሻ። «ትርፌ ነው ስሟ።»

«ትርፌ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም።»

«በማይክሮፎኑ ይበሉት።»

ወስጄ አፏ ሥር አቆምኩላት። ደገመችው። ከዚያ ማይክሮፎኑን መልሼ፣ ምሳቸውን ሳልቀምስ፣ ከልጄ ጋር ወጣሁ።

እንግዲህ የቻልኩትን ቆጥሬ ላብቃ። ያለ አስተማሪ፣ በነፋስ ብቻ ተምሬ፣ የወፍጮ ቤቱን ዱቄትና የእንጨት መሰንጠቂያ ብናኝ አስቀርቻለሁ። ብረት የበላውን ካፊያ በማዳበሪያ ክር ይዤ ወደ ገንዳው መልሻለሁ። ሥራ አስኪያጅ አትርፎ ባልዲ ሲሸልመኝ ባልዲውን ተቀብዬ ዝም ብያለሁ፤ ይኼም ችሎታ ነው። የእነዚያን ሁሉ ሰዎች ነጠላ አድኛለሁ፤ ዛሬ ቢሆን ላድነው አላድነው አላውቅም። እኅቴ ሰንዳፋ ሳትሰደድ በቤቷ እንድታረጅ አድርጌያለሁ። ይቅርታ አላስጠየቅሁም፤ እሱ በላሜራም በክርም አልተሠራልኝም። ነገር ግን አስካለን፣ ሙሉ አዳራሽ እየሰማ፣ ትርፌ ምንም አላጠፋችም አስብያታለሁ፤ ሁለት ጊዜ።